የአያቴን ድምፅ ቀድቼ ተውኩት

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 31 ነው። የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት የእናቴ አባት አርፈው ለተዝካራቸው ደብረ ማርቆስ ሄጄ ነበር። ቄሱ በክርስትና ስማቸው ሲጠሯቸው ስሙን ገና ያን ቀን ሰማሁት። ከእኛ ከልጅ ልጆቹ መሀል የእሳቸውን አያት ስም የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አፈርኩ። ወዲያው ደብተር ገዛሁ፤ ሴት አያቴን ሦስት ሰዓት ያህል በስልኬ ቀዳኋቸው፤ ለዘመድ ሁሉ ደወልኩ። ሦስት ሳምንት እንደሠራሁ ተውኩት። ቅጂውን እስካሁን አልሰማሁትም። አያቴ 86 ዓመታቸው ነው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ግን ከሥራ ስገባ ይደክመኛል፤ ከየት እንደምቀጥልም አላውቅም። በዚያ ላይ ትልቋ አክስቴ ‹ምን ልትወርሺ ነው ይሄን ሁሉ የምትጠይቂው?› ብለው ተቆጡኝ። ዓመተ ምሕረቱን አንዱ አንድ ይላል፣ ሌላው ሌላ። በ1970 የጠፋ አጎትም አለን፤ ስሙ ሲነሳ ቤቱ ዝም ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

የልጅ ልጅ ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ከማፈርሽ ልጀምር። የአያትሽን አያት ስም ያላወቅሽው ሰንፈሽ አይደለም። ጎጃም ውስጥ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ሐረግ መቁጠር የእንጀራ ጉዳይ ነበር። መሬት የሚያዘው በርስት ነው። ምድሩን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ትውልዱን መቁጠር የቻለ ሰው ድርሻዬን ብሎ መጠየቅ ይችላል፤ በአባቱም በእናቱም በኩል። የተከለከለ እንደሆነ ሽማግሌ ቆጥሮ፣ ስም እየጠራ ይከራከራል። ስለዚህ ገበሬው ለልጁ ሐረጉን የሚያስጠናው ለጨዋታ አልነበረም።

የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። ርስት ቀረ። ቆጠራውን ግድ የሚያደርገው ዋና ነገርም አብሮ ቀረ። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠሩ ቀጥሏል፤ ከተማ ለገባው ግን እሱም እየላላ መጣ። አያቶችሽ ያውቃሉ፣ እናትሽ ምናልባት ግማሹን ታውቃለች፣ አንቺ ጋ ሲደርስ ተቋረጠ። የተቋረጠው ገና አሁን ነው። የሚያውቁት ሴት ዛሬም ስልክ ያነሳሉ።

የአክስትሽም ቁጣ ከዚሁ የመጣ ይመስለኛል። እሳቸው ልጅ ሳሉ አንድ ዘመድ ድንገት መጥቶ «የእገሌ አባት ማን ነበር?» ብሎ ከጠየቀ መሬት ሊያነሳ ነው ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ በየቤተሰቡ የቤት ውርስ ጭቅጭቅ አለ። ስለዚህ አትቀየሚያቸው፤ አትከራከሪያቸውም። ስለ ቤትና ስለ መሬት ለጊዜው አትጠይቂ፤ ስለ ሰው ብቻ ጠይቂ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ደብተርሽን ይዘሽ ሄደሽ የጻፍሽውን ማንበብ ነው። ጥያቄ ለመመለስ እምቢ ያሉ ትልቅ ሰው ስህተት ሰምተው ዝም ማለት አይችሉም። «ኧረ እሷ የእገሌ ልጅ አይደለችም! ማነው እንዲህ ያለሽ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ቡናው ይደገማል፣ አንቺም ብዕርሽን ታነሻለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምን ተውሽው? ደብዳቤሽን ሳነብ የገባኝ፣ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሠራሽው የዓመት ሥራ እንደሆነ ነው። ደብተር፣ ቅጂ፣ ለዘመድ ሁሉ ስልክ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ። ከዚያ ያ ሦስት ሰዓት ዕዳ ሆኖ ቀረ። ስልክሽን ባየሽ ቁጥር «አልሰማሁትም» ይልሻል። አዲስ ነገር እንዳትጠይቂም ያግድሻል፤ ምክንያቱም የምትጠይቂውን ነገር አያትሽ ቀድመው ነግረውሽ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ከዕዳው ጀምሪ። በየማታው አምስት ደቂቃ ብቻ ስሚ። ሦስት ሰዓት 180 ደቂቃ ነው፤ በ36 ማታ ያልቃል። ቃል በቃል ልጻፍ አትበዪ፤ የአንድ ሰዓት ወሬ ቃል በቃል መገልበጥ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ ያኔ በሁለተኛው ቀን ትተዪዋለሽ። የሰው ስም፣ የቦታ ስምና ያልገባሽን ነገር ብቻ ጻፊ። ንግግሩ ስንት ደቂቃ ላይ እንዳለም ከጎኑ አስፍሪ፤ ኋላ ስትፈልጊው በቀላሉ ታገኚዋለሽ። አያትሽ አንድ ነገር በራሳቸው አነጋገር አሳምረው ካሉት ግን እንዳለ ገልብጪው። ግጥም ከሆነ፣ ሙሾ ከሆነ፣ ምርቃት ከሆነ ደግሞ አንዲት ቃል እንዳታመልጥሽ።

ሰምተሽ ስትጨርሺ ከገጹ ግርጌ አንድ መስመር ጨምሪ፤ የነገ ጥያቄ። አንድ ብቻ። «አያቴ ‹የቆላዋ እህቴ› ያሉት ማንን ነው?» በቃ። እኔን ከጠየቅሽኝ የዚህ ልማድ ቁልፉ ይቺ መስመር ናት። ደክሞሽ ስትገቢ ከየት ልጀምር ብለሽ እንድታስቢ የሚያደርግ ነገር ካለ አትጀምሪም። ጥያቄው ትናንት ተጽፎ ከጠበቀሽ ግን ደብተሩን መግለጥ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ደግሞም ያልተመለሰ ጥያቄ ያሳክካል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆነሽ «የቆላዋ እህት ማን ትሆን?» ማለት ከጀመርሽ ልማዱ ተጀምሯል።

ሰዓቱን በተመለከተ አዲስ ሰዓት አትፍጠሪ። በየቀኑ ሳትቀሪ የምታደርጊው ነገር ላይ ለጥፊው። ከእራት በኋላ ሻይ ትጠጫለሽ? ከሻይው ጋር ይሁን። ደብተሩ መሳቢያ ውስጥ ሳይሆን ሻይ የምትጠጪበት ጠረጴዛ ላይ ይዋል። በጣም በደከመሽ ቀን ቅጂውን ተዪውና አንድ መስመር ጻፊ። «ዛሬ እናቴ ስልክ ላይ የአጎቷን ስም አነሳች» ብትዪ ይበቃል። ቀን ከዘለልሽ በማግስቱ የሁለት ቀን አትሥሪ፤ ማካካስ የሚባለው ነገር ነው ሰውን የሚያስመርረው። ከተውሽበት ቀጥዪ።

«በየቀኑ» ስልሽ አያትሽን በየቀኑ ጠይቂ ማለቴ እንዳልሆነ ይግባሽ። በ86 ዓመታቸው በየማታው እንደ ምርመራ ቢጠየቁ ይሰለቻሉ፤ ስልክሽንም መፍራት ይጀምራሉ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል፤ ለምሳሌ እሁድ ከቅዳሴ መልስ። መጀመሪያ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዝናቡ ተጫወቱ። ከዚያ የሳምንቱን ጥያቄዎች አይተሽ ሁለቱን ብቻ ምረጪ። ስትቀጂ ደግሞ ሁልጊዜ አስፈቅጂያቸው። የቀሩት ቀናት የመስማት፣ የመጻፍና ለሌላ ዘመድ አጭር መልእክት የመላክ ናቸው። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው አያትሽ ሳይደክሙ ነው።

ዓመተ ምሕረቱ ስለሚጋጭብሽ ነገር ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነውና። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ አያትሽ የልደት ወረቀት ባይኖራቸው አይግረምሽ። መታወቂያቸው ላይ ያለውም ዓመት በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። «መቼ ተወለዱ?» የሚለው ጥያቄ ለእሳቸው መልስ የለውም፤ ወይም ባለፈው ያሉትን ቁጥር ይደግሙልሻል። «ያን ጊዜ ምን ሆኖ ነበር?» በያቸው።

86 ዓመታቸው ከሆነ የተወለዱት በጣሊያን ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ነበር። ታዲያ እናታቸው «ጣሊያን ሲገባ እርጉዝ ነበርኩ» ይሉ ነበር ወይስ «ጃንሆይ ሲመለሱ አዝዬሽ ነበር»? ጃንሆይ በ1933 ከስደት ሲመለሱ አዲስ አበባ የገቡት በጎጃም በኩል ስለሆነ የዚያ አገር ሰው ይህን አይረሳውም። በላይ ዘለቀ በ1937 ሲሰቀሉ አያትሽ ልጅ ነበሩ፤ ወሬውን ማን እንደነገራቸው ጠይቂያቸው። የ1960ውን የጎጃም ገበሬዎች የግብር አመፅ ደግሞ በዓይናቸው ያዩት ይሆናል፤ የትኛው ልጃቸው ያኔ ተወልዶ ነበር? በ1967 ደርግ ወደ ገጠር የላካቸው ተማሪዎች፣ የዕድገት በኅብረት ዘማቾች፣ ሲመጡስ የትኛው ይዳህ ነበር? ለቅድመ አያቶችሽ ከሆነ ወደኋላ ሂጂ፤ ዓድዋ 1888 ነው፣ የኅዳር በሽታ 1911 ነው። የአንድ ልጅ ልደት እንዲህ ባሉ በሁለት ተቀራራቢ ነገሮች መሀል ከወደቀ ዓመቱን በጥቂት ዓመት ልዩነት አወቅሽው ማለት ነው። ለቤተሰብ ታሪክ ይሄ ብዙ ነው።

ቀኑን ደግሞ ታቦት ይነግርሻል። ትልልቅ ሰዎች ቁጥር ይረሳሉ እንጂ «በኅዳር ሚካኤል» ማለትን አይረሱም፤ ኅዳር 12 ማለት ነው። ክርስትና ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ስለሆነ ወደኋላ መቁጠር ይቻላል። አያትሽ «በግንቦት ልደታ ነው ክርስትና የተነሳሁት» ካሉ ከግንቦት 1 ሰማንያ ቀን ስትመለሺ የካቲት 11 ገደማ ትደርሻለሽ። የክርስትና ስሙም ብዙ ጊዜ ፍንጭ አለው፤ የተጠመቁበትን ቀን ታቦት ይከተላልና።

አንድ አጎትሽ 1929፣ ሌላው 1932 ካሉ ሁለቱንም ጻፊ፤ ማን እንዳለውና መቼ እንደነገረሽም ጨምሪ። ዳኛ አትሁኚ። የነገረሽን ሰው ስም ሳትጽፊ የመዘገብሽው ነገር ከዓመት በኋላ ለራስሽም አይጠቅምሽም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚልክልሽ ወረቀት ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ነው። ስለዚህ ዓመት በጻፍሽ ቁጥር «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» በዪበት።

ስለ ስም። ቄሱ አያትሽን በማታውቂው ስም ሲጠሯቸው የደነገጥሽው ነገር በየቤቱ አለ። አንድ ሰው የዓለም ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ እናቱ የምታወጣለት የቤት ስም አለው፤ ጦረኛ ከነበረ የፈረስ ስምም ይኖረዋል። ዘመዶችሽ ስለ «ሦስት ሰዎች» ሲያወሩ ቆይተው አንድ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ስጪ፤ ስሞቹን ሁሉ ከላይ ደርድሪ። የክርስትና ስም ካጣሽ የቤተሰቡን የንስሐ አባት ጠይቂ። ቦታም እንዲሁ ነው። ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር ነበር። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ክፍለ ሀገር የተባለው ዛሬ ዞን ተብሎ ተከፋፍሏል። አያትሽ ያሉትን የቦታ ስም እንዳሉት ጻፊ፤ የዛሬውን ከጎኑ ትጨምሪያለሽ። ደብሩን መጠየቅም አትርሺ። መንደር ስሙ ሲለወጥ ቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ጊዜ በስሙ ይቆያል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምልሽ ግን የሴቶቹን ስም ነው። በእኛ አጠራር ከስማችን ቀጥሎ የአባት፣ ከዚያ የአያት ስም ይመጣል፤ መታወቂያሽ ራሱ ሦስት ትውልድ ይቆጥርልሻል። የእናትሽ እናት ግን አንቺ ስም ውስጥ የሉም። ሰባት ቤት ወደ ላይ ስትቆጥሪ በሰባተኛው ላይ ብቻ 128 ወላጆች አሉሽ፤ ከአባትና እናትሽ ጀምሮ ሲደመር 254 ናቸው። በአባት በአባት ብቻ የቆጠረ ሰው ከእነዚህ ሰባቱን ጠራ ማለት ነው። ርስት ይቆጠር በነበረበት ጊዜ እንኳ የእናት መስመር አይረሳም ነበር፤ መሬት ያመጣላ። ዛሬ ያንን የሚያስታውሱት እንደ አያትሽ ያሉ ሴቶች ናቸው። የመጀመሪያ ወር ጥያቄዎችሽን እዚህ ላይ አውዪ። የእናታቸው ስም፣ የእናታቸው እናት ስም፣ ከየት ተድረው መጡ፣ ስንት ወለዱ፣ ስንቱ አደገ። በልጅነታቸው የሞቱትንም ጠይቂ፤ ቀስ ብለሽ። ስማቸውን የሚያነሳ ሰው ካጡ ብዙ ዘመናቸው ነው።

አሁን ስለ አጎትሽ። 1970 ካልሽ ቀይ ሽብር ነው። ይህን ለየቀኑ ልማድ አታድርጊው። በስልክ አይጠየቅም፤ «የነገ ጥያቄ» ተብሎም አይጻፍም። አያትሽ ልጃቸውን ነው ያጡት። ያን ጊዜ ብዙ ቤት ለቅሶ መቀመጥ እንኳ ተከልክሎ፣ ወይም ፈርቶ፣ ሐዘኑን ውጦ ነው የኖረው። ዝምታው አንቺን ለመደበቅ የተፈጠረ አይደለም። ሄደሽ አጠገባቸው ተቀመጪ። ፎቶው ግድግዳ ላይ ካለ ስለ ፎቶው፣ ስለ ልጅነቱ፣ ምን ይወድ እንደነበር ጠይቂ። ስለ ሞቱ እሳቸው ካነሱ ስሚ፤ ካላነሱ ተዪው። መቅጃውን እንዳትከፍቺ፤ ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ ክተቺው። ማታ ስትመለሺ የሰማሽውን ጻፊ። ካልተናገሩም «ዛሬ ስለ እሱ መናገር አልፈለጉም» ብለሽ ቀኑን ጻፊ። እሱም የቤተሰባችሁ ታሪክ ነው። አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የብዙ ሰማዕታትን ፎቶና ስም ይዟል። ከመሄድሽ በፊት እናትሽን አብረሽኝ ሂጂ ብለሽ ጠይቂያት። ለእሷ ወንድሟ ነው። ብቻሽን ሄደሽ አግኝተሽው ብትመለሺ ለእሷ ከባድ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ነገር ስለ ሌላም ዘመድ መስማትሽ አይቀርም። ከትዳር ውጭ የተወለደ ልጅ፣ በሰው ቤት ባሪያ ተብላ የኖረች ሴት፣ ተጣልቶ የተቆረጠ ወንድም። ለነዚህ ሁለተኛ፣ የማይታይ ደብተር ያዢ። በሕይወት ያለን ሰው የሚነካ ነገር ያ ሰው ሳይፈቅድ ለዘመድ ግሩፕ አይላክም። ያንን ገጽ አንድ የአጎት ልጅ ቴሌግራም ላይ ቢለቅቀው ከዚያ በኋላ ማንም አይነግርሽም፤ እውነታቸውንም ነው።

ስለ ወረቀት ባጭሩ። አያትሽ ቤት ሳጥን ይኖራል። የግብር ደረሰኝ፣ የርስት ክርክር ወረቀት፣ ሜዳሊያ፣ ደብዳቤ፣ ፎቶ። የርስት ክርክር ወረቀት ካገኘሽ ወርቅ አገኘሽ፤ ሐረጉ እዚያው በስም ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ከቤት ይዘሽ አትውጪ፤ አክስትሽንም አስቢያቸው። እዚያው በብርሃን ፎቶ አንሺው። ፎቶግራፍ ጀርባ ላይ ስም ስትጽፊ በእርሳስ ይሁን፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊቱ ያልፋል። ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ሄጄ ልፈልግ ወይ ብለሽ ካሰብሽ ለዛሬ አይደለም። ወንድ አያትሽ በመንግሥት ሥራ፣ በጦር ወይም በፍርድ ቤት ያለፉ እንደሆነና ስማቸውን፣ ዘመኑንና ቦታውን ካወቅሽ በኋላ መሄዱ ይጠቅማል። መዝገቡ ይቆያል፤ የ86 ዓመት ሰው ናቸው የሚቀድሙት። የውጭውን የዘረመል ምርመራም እንዲሁ ለኋላ ተዪው፤ የአያትሽን እናት ስም አይነግርሽም።

ዛሬ ማታ ግን ከመስማትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ያን የሦስት ሰዓት ቅጂ ከስልክሽ ወደ ኮምፒውተርና ወደ አንድ ፍላሽ ገልብጪው፤ ለእህትሽ ወይም ለወንድምሽም ላኪ። የፋይሉን ስም የአያትሽ ስም፣ ቦታውና ቀኑ አድርጊው። ስልክ ይሰረቃል፣ ውሃ ውስጥ ይወድቃል። ከዚያ ሻይሽን ቅጂና የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ ክፈቺ።